ውጤታማ ቢዝነስ ካርድ፤ ከዳባትና ከደባርቅ ካርዶች የምንማረው

ከጎንደር ተነስቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አልፎ ደባርቅ የገባ፣ ከዚያም ሰሜን ተራሮች ላይ ሦስት አራት ቀን አሳልፎ የተመለሰ እንግዳ ኪሱን ቢፈትሽ አምስት ስድስት ቢዝነስ ካርድ አያጣም። አንዱ የአስጎብኚው ነው፤ አንዱ የሹፌሩ፣ አንዱ ያደረበት ሆቴል፣ ሌላው ድንኳንና የመኝታ ከረጢት ያከራየው ሰው። እኔ ሙያዬ የኅትመት ዲዛይን ነው። በሄድኩበት ሁሉ ካርድ መሰብሰብ ስለምወድ የዚያ መንገድ ካርዶች ዛሬ አንድ የጫማ ካርቶን ሞልተዋል። ስለ ካርድ አሠራር መማር ለሚፈልግ ሰው በቦሌ ሕንፃዎች ውስጥ ከሚለዋወጡት የሚያብረቀርቁ ካርዶች ይልቅ እነዚህን ማየት ይበጃል ባይ ነኝ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ካርድ የሰጠዎትን ሰው ካርዱ ቢጠፋብዎትም ያገኙታል፤ ቢሮውን ያውቃሉ፣ ወይም አንድ የጋራ ወዳጅ ደውሎ ያገናኝዎታል። የደባርቁ አስጎብኚ እንግዳ ግን በአራተኛው ቀን ይሰናበታል፣ በሳምንቱ አገሩ ይገባል። አስጎብኚው እንደገና የሚፈለገው ከዓመት ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ የእንግዳው እህት ወይም የሥራ ባልደረባ «ኢትዮጵያ ልሄድ ነው፤ ማንን ልያዝ?» ብሎ የጠየቀ ዕለት ነው። በዚያ ዕለት አስጎብኚው ሊናገር፣ ሊያስረዳ፣ ሊያርም አይችልም። ስለ እሱ የምትናገረው በመሳቢያ ውስጥ የተረሳች አንዲት ወረቀት ብቻ ናት።

ያለፉት ዓመታት ይህን የመሳቢያ ጊዜ ይበልጥ አራዝመውታል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቁሞ፣ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ሆነ። በ1996 «አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች» ከሚባለው ዝርዝር ገብቶ ከ21 ዓመት በኋላ በ2017 ወጣ። ደባርቅ ይህንን የምሥራች ብዙም ሳታጣጥም በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ፤ በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት የሰሜኑ ጦርነት ተነሳ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ውጊያው ዳባት ወረዳ ድረስ ዘለቀ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ ክልሉ ወደ ሌላ ግጭት ገባ። እናም በ2011 ዓ.ም. ለእንግዳ የተሰጠች ካርድ እስከ ዛሬ ሙኒክ ወይም ማድሪድ ውስጥ መጽሐፍ መካከል ተሸጉጣ ሊሆን ይችላል። ያቺ ካርድ ዛሬ ስትወጣ ትሠራለች ወይስ አትሠራም? የአንድ ካርድ ዲዛይን ጥሩነት መመዘን ያለበት በዚህ ጥያቄ ነው፤ በወርቃማ ቀለሙ አይደለም።

ስምን መልአክ ያወጣዋል፤ ካርድ ላይ ግን ማን ያወጣዋል?

ከሰበሰብኳቸው ካርዶች ብዙዎቹ ላይ ያለው ስም የቁልምጫ ስም ነው፤ ቴዲ፣ ጆኒ፣ ሳሚ። ለፈረንጅ አፍ እንዲቀል ተብሎ ነው። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ ሆኖም ገንዘብ ሲመጣ ጣጣ አለው። እንግዳው ከውጭ አገር ሆኖ ለድንኳንና ለበቅሎ ቀብድ ልላክ ቢል የሚልከው ካርዱ ላይ ባየው ስም ነው። ባንኩ ወይም የገንዘብ አስተላላፊው ቅርንጫፍ ደግሞ የሚከፍለው መታወቂያ ላይ ላለው ስም ነው። «ቴዲ» ተብሎ የተላከ ገንዘብ ቴዎድሮስ የሚል መታወቂያ ይዞ ለቀረበ ሰው እንዲሁ በቀላሉ አይከፈልም። ስለዚህ በካርዱ ላይ ዋናው ስም በመታወቂያ ወይም በፓስፖርት ላይ በሰፈረበት የላቲን አጻጻፍ፣ ፊደል ሳይጨመርና ሳይቀነስ ይጻፍ። የቁልምጫው ስም ከሥር በትንሹ ሊገባ ይችላል፤ እንግዳው ተራራ ላይ ሲጠራው የነበረው በዚያ ስለሆነ ለማስታወስ ይረዳዋል።

ሌላው የስም ጣጣ የሁላችንም ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ሁለተኛው ስም የአባት ነው። ፈረንጅ ግን ሁለተኛውን ስም ይዞ «ሚስተር እንቶኔ» ብሎ ለአባትዎ ደብዳቤ ይጽፋል። ይህንን በካርድ ላይ ማስረዳት አይቻልም፤ የሚቻለው የራስን ስም በደማቅ፣ የአባትን ስም በስስ ፊደል መጻፍ ነው። ዓይን ደማቁን ይዞ ይሄዳል። በአዲስ አበባ ቢሮዎች ለምትሠሩም ይኸው ዘዴ ይጠቅማል።

ስለ ማዕረግም አንድ ነገር ልበል። አንድ መኪና ያለውና እሱኑ ራሱ የሚነዳ ሰው ካርዱ ላይ «ጄነራል ማናጀር» የሚል ማዕረግ ማየት የተለመደ ነው። አንባቢው የሚፈልገው ሥልጣንዎን ሳይሆን ምን እንደሚሠሩለት ነው። «የተራራ ጉዞ አስጎብኚ፤ እንግሊዝኛና ጀርመንኛ ይናገራል» የሚለው አንድ መስመር ከሦስት ማዕረግ ይበልጣል። የሚናገሩትን ቋንቋ መጻፍ በተለይ ለአስጎብኚ ትልቅ ዋጋ አለው፤ ይሁን እንጂ «ጉተን ሞርገን» ማለትን ብቻ የሚያውቅ ሰው ጀርመንኛን ካርዱ ላይ ባይጨምር ይሻለዋል።

ስልክ፣ ኢንተርኔትና የዜሮዋ ነገር

በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ የአገሪቱ የስልክ ቁጥሮች በአንድ ጊዜ መቀየራቸውን በሥራ ዓለም የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። የአዲስ አበባ 01 ወደ 011፣ የሰሜን ምዕራቡ 08 ወደ 058፣ ሞባይሉም ወደ አሥር አኃዝ ተለወጠ። የዚያን ጊዜ ካርዶች ሁሉ በእስክሪብቶ እየተሰረዙና እየተደለዙ ተሰጡ፤ አሁንም ካርቶኔ ውስጥ አሉ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ጅምላ ለውጥ አልመጣም፤ በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ሲገባ በ07 የሚጀምሩ ቁጥሮች ተጨመሩ እንጂ የ09ኞቹ እንዳሉ ናቸው። ሆኖም ረጅም ጊዜ ያልተሠራበት ሲም ካርድ ሊዘጋና ቁጥሩም ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ካርድዎ ላይ ያተሙትን ቁጥር ሥራ በሌለበት ዘመንም ቢሆን በሕይወት ማቆየት እንግዲህ የዲዛይኑ አካል ነው ማለት ይቻላል።

በጣም በርካታ ካርዶች ላይ የማየው ስሕተት ግን ይህ ነው፤ የአገሩን ቁጥር +251 አድርገው ዜሮዋን ሳያወጡ 09 ብለው ይቀጥላሉ። ከውጭ አገር የሚደውል ሰው ዜሮዋን ማውጣት እንዳለበት አያውቅም፤ እንዳለ ሲደውለው ጥሪው ላይገናኝ ይችላል። እሱም «ስልኩ አይሠራም» ብሎ ይተወዋል። በላቲኑ በኩል ከ+251 ቀጥሎ በ9 ወይም በ7 ይጀመር፤ በአማርኛው በኩል 09 ወይም 07 ተብሎ ይጻፍ። በቅንፍ ውስጥ ዜሮ ማስገባትም ግራ ያጋባል እንጂ አይረዳም። አኃዞቹን እየከፋፈሉ መጻፍ ለማንበብም ለመደወልም ያመቻል። የግዕዝ አኃዝ ለጌጥ ያምራል፤ ለስልክ ቁጥር ግን አይሆንም።

ወጣቶቹ አስጎብኚዎች ካርዳቸውን በቴሌግራም፣ በዋትስአፕና በፌስቡክ ምልክቶች ሞልተው ተራውን ስልክ ጥግ ላይ ያስቀምጡታል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደነበር የምናውቅ ሰዎች ይህን ልንመክር አንችልም። በዚያ ወቅት የሠራው ተራው የድምፅ ጥሪ ነበር፤ እሱም በየቦታው እየተቆራረጠ። ስለዚህ ደባርቅ ወይም ዳባት ላይ የሚሠራ ሰው ካርድ ቢያንስ ሁለት በር ሊኖረው ይገባል። አንደኛው የራሱ ድምፅ ስልክ፤ ሁለተኛው ኢንተርኔት ቢቋረጥም ተጠራቅሞ የሚጠብቅ ኢሜይል። ከተቻለም ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ያለ ወንድም፣ እህት ወይም የሥራ ተባባሪ ፈቃደኛ ሆኖ ሦስተኛ ቁጥር ቢሰጥ መልካም ነው። የአዲስ አበባ አንባቢ ይህን ሲያነብ ከልክ ያለፈ ጥንቃቄ ሊመስለው ይችላል። ለአራት ሰው የበቅሎ፣ የምግብ አብሳይና የስካውት ሥራ የሚያመጣ አንድ መልእክት ሳይነበብ የቀረበት ሰው ግን አይመስለውም።

ኪውአር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1994 ጃፓን ውስጥ ዴንሶ ዌቭ የሠራው ነው፤ አሁን ካርድ ላይ ሞልቷል። ሁለት ዓይነት አጠቃቀም አለው። አንዱ ወደ ድረ ገጽ የሚመራ ነው፤ ድረ ገጹ የዓመት ክፍያው ሳይከፈል ቀርቶ ሲዘጋ ኮዱም አብሮ ይሞታል። ሌላው ስምን፣ ስልክንና ኢሜይልን በራሱ ውስጥ የያዘ ነው፤ ይህኛው ያለ ኢንተርኔትም ይነበባል፣ በቀጥታ ወደ ስልክ ማውጫ ይገባል። ለእኛ አገር የሚስማማው ሁለተኛው ነው። ስፋቱ ከ2 ሴንቲ ሜትር ባያንስ፣ ዙሪያውም ባዶ ነጭ ቦታ ቢተውለት ካሜራ አይቸገርም።

ሁሉም ዋልያ፣ ሁሉም ዳሽን

ካርቶኔን ጠረጴዛ ላይ ብዘረግፈው መጀመሪያ የሚታየው ዋልያ ነው። ዋልያ ከፊት፣ ዋልያ ከጎን፣ ዋልያ ገደል ጫፍ ላይ። ዋልያ በሰሜን ተራሮች እንጂ በሌላው ዓለም በዱር የማይገኝ እንስሳ በመሆኑ ሰዎቹ ቢኮሩበት አይፈረድባቸውም። ነገር ግን ዓርማ የሚሠራው አንዱን ከሌላው ለመለየት ነው። ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ ይባላል፤ በስሙ የሚጠራ ቢራም አለ። ተራራውም እንዲሁ ነው፤ ዳሽን ባንክ፣ ዳሽን ቢራ። ከእነዚህ ሁሉ በኋላ አንድ የደባርቅ ድንኳን አከራይ «ዳሽን ዋልያ» ብሎ ቢመጣ እንግዳው ምን ብሎ ያስታውሰው? በዚያ ላይ የንግድ ምልክት በአዋጅ ቁጥር 501/1998 ጥበቃ የሚደረግለት በመሆኑ ከሌላው ጋር የሚመሳሰል ስምና ዓርማ ነገ ሙግት ሊያመጣ ይችላል።

ጎልቶ የታየኝን አንድ ካርድ ልጥቀስ። ምንም እንስሳ የለውም። በቀኝ በኩል ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ አንድ ቀጭን መስመር አለ፤ ሲያዩት የአምባዎቹ ቁርጥ ነው፤ ደልደል ይልና በድንገት ወደ ታች ይወድቃል። ሳንቃበር ላይ የቆመ ሰው መስመሩን ሲያይ ወዲያው ያውቀዋል። በአንድ ቀለም የታተመ ነው፤ ርካሽ ነው፤ ከሁሉም የበለጠ ያስታውሳል። እዚያው አካባቢ ለዓርማ የሚሆን ያልተነካ ነገር ሞልቷል፤ የበቅሎ ጭነት፣ የጅብራ ግንድ፣ የሊማሊሞ ጥምዝምዝ መንገድ። ጭላዳንም ቢሆን ሙሉ እንስሳውን ትቶ ደረቱ ላይ ያለችውን ቀይ ምልክት ብቻ የወሰደ እስካሁን አላጋጠመኝም።

የዩኔስኮን ወይም የዓለም ቅርስን ዓርማ ካርድ ላይ መለጠፍ ግን መቅረት አለበት። የእነዚህ ዓርማዎች አጠቃቀም በፈቃድ የሚወሰን ነው፤ «በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው ፓርክ የምሠራ አስጎብኚ» ብሎ በቃል መጻፍ ግን ማንም አይከለክልም።

ፎቶግራፍስ? ለጠበቃ ወይም ለሒሳብ አዋቂ ካርድ ፊቱን መለጠፉ አይጥመኝም። ለአስጎብኚ ግን እደግፋለሁ። እንግዳ ስም ይረሳል፤ አራት ቀን አብሮት የሄደውን ፊት አይረሳም። ነገሩ አዲስም አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1854 ዲስዴሪ የተባለ የፓሪስ ፎቶ አንሺ በካርድ መጠን የሚታተም ፎቶግራፍ በስሙ አስመዝግቦ አውሮፓን በፎቶ ካርድ አጥለቅልቆ ነበር። ፎቶው ግን ፊት የሚታይበት ይሁን፤ በጥቁር መነጽርና በኮፍያ የተሸፈነ ሰው ለማንም አያስታውስም። ለኅትመት ጥራቱ በኢንች 300 ነጥብ ሊኖረው ይገባል። ከፌስቡክ ወርዶ የተለጠጠ ፎቶ ስክሪን ላይ ደህና ይመስላል፣ ወረቀት ላይ ይፈርሳል።

የእኛ ፊደል በትንሽ ቦታ

ስለ ካርድ ዲዛይን የሚጻፉ የውጭ መጻሕፍት ሁሉ ለላቲን ፊደል የተጻፉ ናቸው። ስሙን በትልቁ ፊደል፣ ሌላውን በትንሹ ፊደል ጻፍ ይላሉ። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ነገር የለውም፤ ማጉላት የሚቻለው በመጠን ወይም በውፍረት ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ የእኛ ፊደላት ልዩነታቸው በጥቃቅን ጭረት ላይ ነው። ደ እና ጀ፣ ጠ እና ጨ፣ ነ እና ኘ የሚለያዩት አናት ላይ ባለች ሰረዝ ነው፤ ሱ እና ሲም እግር ላይ ባለች ቅጥያ አቀማመጥ። እነዚህ በጣም ሲያንሱ ይዋጣሉ። በልምዴ አማርኛን ከ8 ነጥብ በታች አላወርድም፤ በጥቁር መደብ ላይ በነጭ የሚጻፍ ከሆነ ደግሞ ወፈር ያለውን ቅርጽ እመርጣለሁ፤ ቀለሙ ከዳር እየተስፋፋ ቀጭኑን ነጭ መስመር ስለሚበላው።

አማርኛና እንግሊዝኛን በአንድ ገጽ ላይ እየደራረቡ መጻፍ ሁለቱንም ያፍናል። ሁለት ገጽ አለ፤ አንዱን ለአማርኛ፣ አንዱን ለላቲን መስጠት ይሻላል። የአማርኛው ገጽ ለታይታ እንዳይመስላችሁ። ዳባት ላይ እህል የሚነግድ ሰው፣ መድኃኒት ቤት ያለው፣ ወይም ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በሚባለው ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ዳባት ላይ በሚካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ክትትል የሚሠራ ባለሙያ ካርዱን የሚሰጠው ለገበሬና ለከተማው ነዋሪ ነው። ለዚህ ሰው የእንግሊዝኛው ማዕረግ ምኑም አይደለም። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ካርዷን ለልጁ ወይም ለሱቅ ባለቤቱ አሳይቶ «ይህን ደውልልኝ» ይላል፤ ስለዚህ በአማርኛው ገጽ ላይ ስልኩ ከስሙ እኩል ጎልቶ ቢታተም ነውር የለውም።

ስለ ቦታ ስሞች የላቲን አጻጻፍ ብዙ ሙግት አለ። ደባርቅን አንዱ በኬ፣ ሌላው በኪው ይጨርሰዋል፤ ሰሜንን በሦስት በአራት ዓይነት የሚጽፉት አሉ። ለካርድ የሚሻለው እንግዳው ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ የሚጽፈውን፣ ማለትም ዩኔስኮ በመዝገቡ የሚጠቀምበትን አጻጻፍ መያዝ ነው። ደጀን ወይስ ዳሽን? እኛ ራስ ደጀን የምንለውን ፈረንጁ ራስ ዳሽን ብሎ ያውቀዋል፤ በላቲኑ ገጽ ዳሽን፣ በአማርኛው ገጽ ደጀን ቢባል ማንም አይጣላም። ከፍታውን ለመጻፍ ከፈለጉ አሮጌዎቹ መጻሕፍት የሚሉትን 4,620 ሜትር አይቅዱ፤ የኋለኞቹ ልኬቶች ወደ 4,550 ገደማ ያወርዱታል። ጂፒኤስ ይዞ የወጣ ተጓዥ ሲያመሳክር ካርዱ ውሸታም ሆኖ ይገኛል።

ሆቴል ያላችሁ ደግሞ የሰዓት ነገር አለላችሁ። «ቁርስ ከ1 ሰዓት ጀምሮ» የሚለውን በቀጥታ ወደ እንግሊዝኛ ገልብጣችሁ ካተማችሁት እንግዳው ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ቁርስ አለ ብሎ ያስባል።

ባዶው ጀርባ

አማርኛው ገጽ ካላስፈለገ፣ ለምሳሌ ካርዱ ለውጭ እንግዳ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ፣ ጀርባውን ባዶ መተው ያሳዝነኛል። ካርድ የሚጣለው ከስልክ ቁጥር ሌላ ጥቅም የሌለው ሲሆን ነው። ደባርቅ ላይ ያየሁት ጥሩ ጀርባ ትንሽ ንድፍ ካርታ ነበረው፤ ጎንደር፣ ዳባት በ75 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ደባርቅ በ100 ገደማ፣ ከዚያ ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ ከነከፍታቸው፤ ሳንቃበር 3,250 አካባቢ፣ ግጭና ጨነቅ 3,600 አካባቢ። እንግዳው በጉዞው ላይ አሥር ጊዜ አውጥቶ ያየዋል፤ ሲመለስም የጉዞው ማስታወሻ ስለሆነ አይጥለውም። የቤት ቁጥር በማይሠራበት ከተማ አድራሻም እንዲህ ባለ ካርታ ይቀላል፤ ለደባርቅ ሰው «ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይህን ያህል ሜትር» ማለት ይበቃል። ጎብኚ ሁሉ ለመመዝገብ እዚያ ይደርሳልና።

ካርታም ካልፈለጉ ጀርባውን ለእስክሪብቶ ይተዉት። የዳባት ነጋዴዎች ዋጋ የሚጽፉት፣ ቀጠሮ የሚይዙት በካርድ ጀርባ ነው። ይህ ከሆነ ጀርባው በሚያብረቀርቅ ላስቲክ መሸፈን የለበትም፤ እስክሪብቶ አይዘውም።

ማተሚያ ቤት ስትሄዱ

የካርድ መጠን በዓለም ላይ አንድ አይደለም። አውሮፓ 85 በ55 ሚሊ ሜትር፣ አሜሪካ 89 በ51፣ ጃፓን 91 በ55 ይጠቀማሉ። የባንክ ካርድ 85.6 በ54 ገደማ ስለሆነ የኪስ ቦርሳ ሁሉ የሚሰፋው በእሱ ልክ ነው፤ 85 በ55 ብትይዙ የትም ይገባል። ለየት ለማለት ሲባል የሚሠሩ ክብ ወይም ትልልቅ ካርዶች የኪስ ቦርሳ ስለማይገቡ መጨረሻቸው ይታወቃል። የፎቶ ኮፒ ቤት ላሚኔሽንም እንዲሁ ነው፤ ካርዱን ያወፍረዋል፣ ጠርዙን ያሰፋዋል፣ ከቦርሳ ኪስ ያስወጣዋል።

ወረቀቱ በካሬ ሜትር 300 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ተራራ ላይ ዝናብ፣ ጤዛና ላብ አለ። በተራ ኢንክጄት የታተመ ካርድ ውሃ ሲነካው ቀለሙ ይፈሳል፤ ሌዘርና ኦፍሴት ይሻላሉ። መስኮት ላይ ለፀሐይ የሚሰጥ ካርድ ከሆነ ቢጫውና ቀዩ ቀድመው ይለቃሉ፤ ስልክ ቁጥርን በቀይ አለማተም ለዚህም ይጠቅማል።

ዲዛይኑን ራሳችሁ ሠርታችሁ በፍላሽ የምትወስዱ ከሆነ መደቡን ከመቁረጫው መስመር በየአቅጣጫው 3 ሚሊ ሜትር አሳልፉት፤ ጽሑፉን ደግሞ ከጠርዙ ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ አስገቡት። መቁረጫ ማሽን መቼም ትክክል አይቆርጥም። ስክሪን ላይ ያያችሁት ደማቅ ሰማያዊ ሰማይ ወረቀት ላይ ደብዘዝ ይላል፤ ማተሚያው የሚሠራው በሲያን፣ በማጀንታ፣ በቢጫና በጥቁር ስለሆነ ፋይሉን ከመጀመሪያውኑ በእነዚህ ቀለማት አዘጋጁት። ጥቃቅኑን ጽሑፍ በጥቁር ብቻ አትሙ። ከአራቱ ቀለማት ተቀላቅሎ የመጣ ጥቁር ትንሽ ከተንሸራተተ ፊደሉን ጥላ ያለው ያስመስለዋል።

ከሁሉም በላይ ግን የፊደሉን ነገር አደራ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ቢገባም ብዙ ማተሚያ ቤቶች አሁንም በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ የተሠሩ አሮጌ ፋይሎችን ይዘዋል። የእናንተ ኮምፒውተር ላይ «ደባርቅ» የነበረው እዚያ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የነጥብ ጥርቅም ይሆናል፤ ከዚህም የከፋው ፊደሉ በሌላ ተተክቶ አንድ ሁለት ሆሄ ብቻ ሲለወጥና ማንም ሳያስተውለው ሲታተም ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ፋይሉን ከመስጠታችሁ በፊት በኮረል ድሮም ይሁን በሌላ ፕሮግራም ጽሑፉን ወደ መስመር ቅርጽ ቀይሩት፣ ወይም ፊደሉ አብሮ የተካተተበት ፒዲኤፍ ስጡ። ከዚያ አንድ ናሙና በትክክለኛው መጠን አሳትሙ። ናሙናውን ራሳችሁ አታንብቡት፤ የለመደ ዓይን ስሕተት አያይም። ካርዱን ከዚህ በፊት ላላየ ሰው ስጡና ቁጥሩን ከካርዱ ላይ እያየ እንዲደውል አድርጉ። ሌላ አገር ያለ ዘመድ ካላችሁ ደግሞ በፎቶ ልካችሁለት ከዚያ ይደውል፤ የዜሮዋ ጉዳይ የሚታወቀው ያኔ ነው።

ብዛቱን በተመለከተ ማተሚያ ቤቱ «አንድ ሺህ ብታደርገው ይረክስልሃል» ማለቱ አይቀርም። በኦፍሴት ለሚሠራ እውነት ነው፤ ወጪው ያለው ፕሌቱ ላይ እንጂ ወረቀቱ ላይ አይደለም። ነገር ግን በዓመት ለስልሳ እንግዳ ካርድ የሚሰጥ ሰው አንድ ሺውን የሚጨርሰው ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ ነው። በዲጂታል ማተሚያ መቶ ወይም ሁለት መቶ አሳትሞ፣ ስልክ ሲጨመር ወይም ኢሜይል ሲለወጥ እንደገና ማሳተም ያዋጣል። አሮጌዎቹ ሲተርፉም በእስክሪብቶ አርሞ ከመስጠት በሱቅ ውስጥ ለዋጋ መጻፊያ ቢውሉ ይሻላል።